«ችግር የለም» የሚል አስጎብኚ

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ፖለቲካ አይደለም። ስለ ሽርሽር ነው። እንዳትንቁት ግን። እኔም ንቄው ነው ዋጋ የከፈልኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ደወለችልኝ። ተወልዳ ያደገችው እዚሁ ጅማ፣ ሂርማታ ነው። በአሥራ ሁለት ዓመቷ ከወጣች ወዲህ የመጣችው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው።

«ጋሼ፣ ኅዳር ላይ ከነባለቤቴ ከነልጄ እንመጣለን። ልጄ ቡና ከዛፍ ላይ ሲለቀም በዓይኑ ማየት አለበት። አንተ እዚያው ነህ፣ ጥሩ አስጎብኚ ምረጥልን» አለችኝ።

እኔም ደረቴን ነፍቼ «ችግር የለም» አልኳት።

ይህችን ቃል ያዙልኝ። እንመለስባታለን።

ሦስት አማራጮች አገኘሁ። አንደኛው አዲስ አበባ ቢሮ ያለው ድርጅት ነው፤ ዋጋው አስደነገጠኝ። ሁለተኛው እዚሁ ጅማ ውስጥ መኪና አከራይቶ የሚያስጎበኝ ነው፤ የወዳጄ ወዳጅ ነው፣ ዋጋውም ከአንደኛው በግማሽ ይረክሳል። ሦስተኛው አጋሮ የሚኖር ወጣት ነው። እሱ ዋጋ ከመናገሩ በፊት በጥያቄ አደረቀኝ። «ስንት ናችሁ? ሕፃን አለ? መቼ ሳምንት ነው? ማየት የምትፈልጉት ለቀማውን ነው ወይስ ፍልፈላውን? ሁለቱንም ከሆነ በአንድ ቀን አይሆንም፣ አጋሮ ማደር አለባችሁ» አለኝ።

«ሰነፍ ነው» ብዬ ተውኩት። ሁለተኛውን ያዝኩ። በአንድ ቀን ሁሉንም አሳይቶ ማታ ጅማ እንደሚመልሰን ነገረኝ። ለጠየቅሁት ሁሉ መልሱ «ችግር የለም ጋሼ» ነበር። እንዴት ደስ እንዳለኝ!

የአክስቴ ልጅ ግን በማግስቱ ረጅም መልእክት ላከችልኝ። ጥያቄዎች ናቸው። መኪናው ስንት ሰው ይይዛል፣ ከእኛ ሌላ ሰው ይጫናል ወይ? የደህንነት ቀበቶው ይሠራል? የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን አለ? ልጄ አስም አለው፣ ከምንሄድበት ቦታ ቅርብ ሆስፒታል የት ነው? ዝናብ ቢመጣ ምን ታደርጋላችሁ? በመጨረሻም አንድ ያልገባኝ ጥያቄ ነበረበት፤ «ጉዞ ሰርዘው ያውቃሉ? መቼ? ለምን?»

አንብቤ ሳቅሁ። ባለቤቴም ሳቀች። «ፈረንጅ ሆናለች» ተባባልን። ይህን ሁሉ ጥያቄ ይዤ የወዳጄን ወዳጅ እንዴት ልጠይቀው? ያላመንኩት ይመስለዋል። ይሉኝታ ያዘኝ። ስለዚህ አንዱንም ሳልጠይቅ «ሁሉንም ጠይቄያለሁ፣ ችግር የለም» ብዬ ጻፍኩላት።

ዋሸኋት። ጽሑፉን የጻፍኩትም ይህን ለመናዘዝ ነው።

*

የጉዞው ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ይመጣል የተባለው ሚኒባስ አምስት ሰዓት ላይ መጣ። ውስጡ አምስት የማናውቃቸው ሰዎች አሉ። ቀበቶው ከወንበሩ ሥር ተቀብሯል። የአክስቴ ልጅ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ በመስኮት ወደ ውጭ አየሁ።

ከጅማ አጋሮ 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ኅዳር ላይ ያን መንገድ ያየ ሰው ያውቀዋል። በየደጁ፣ በየአልጋው ላይ ቡና ተሰጥቷል። ጀንፈሉ ሲደርቅ የሚሸተው ያ ጣፋጭ፣ ትንሽ የፈላ የሚመስል ሽታ በመስኮት ይገባል። ልጁ አፍንጫውን አውጥቶ ያሸታል። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

ጮጬ ደረስን። አስጎብኚው አንድ ዛፍ ሥር አቁሞን «ካልዲ ፍየሎቹን ያገኘው እዚህ ዛፍ ሥር ነው» አለ። ልጁ «ይሄ ዛፍ ስንት ዓመቱ ነው?» ብሎ ጠየቀ። አስጎብኚው «ብዙ» አለ።

ከዚያ ወደ አንድ ገበሬ ማሳ ወሰደን። ሰማዩ ጠቁሯል። ኅዳር ላይ ሳይታሰብ የሚመጣ ዝናብ ለቡና ገበሬ ምን ማለት እንደሆነ የጅማ ልጅ ሁሉ ያውቃል። ሊደርቅ የተሰጣ ቡና ከራሰ ይሻግታል፣ ደረጃው ይወርዳል፣ የዓመት ልፋት በአንድ ከሰዓት ይበላሻል። የቤቱ እመቤት ላስቲክ ይዛ ወደ አልጋዎቹ ትሮጣለች። አስጎብኚያችን ጠራትና «ነይ ቁሚ፣ ቀይ እሸት በእጅሽ ያዢ፣ ፎቶ ይነሱሽ» አላት።

ሴትዮዋ ቆመች። እንግዳ ነንና አፈረች። ላስቲኩ በአንድ እጇ፣ እሸቱ በሌላ እጇ።

የአክስቴ ልጅ ባል ካሜራውን ዝቅ አደረገ። የአክስቴ ልጅ ሄዳ የላስቲኩን ሌላ ጫፍ ያዘች። ከዚያ ሁላችንም ተረባርበን አልጋዎቹን ሸፈንን። አስጎብኚው ሰዓቱን ያያል።

ዝናቡ ወረደ። መሸ። ገና ቡና መፈልፈያ ጣቢያ አላየንም። «ዛሬ ይቅር» የሚል ሰው ግን ጠፋ። ሹፌሩ ከዋናው መንገድ ወጥቶ በኮረኮንቹ ገባ፤ ጭቃ ነው፣ ቁልቁለት ነው፣ እሱ ደግሞ የዘገየበትን ሰዓት ለማካካስ ይበራል። ፈራሁ። «ቀስ በል ልጄ» ማለት ፈለግሁ። ሰው ፊት ማሳፈር ይሆንብኛል ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ስንነጋገር ሁላችንም እንደዚሁ እንደነበርን አወቅን። አሥር ሰው ፈርቶ፣ አሥር ሰው ተይሉኝቶ፣ አሥር ሰው ዝም ብሏል።

መታጠፊያ ላይ መኪናው ተንሸራቶ ቦይ ውስጥ ገባ፤ ጎኑን ተደግፎ ቆመ። ሰው አልሞተም። ልጁ ግን ራሱን ከመስኮቱ ጋር ተመትቶ ከቅንድቡ በላይ ተሰነጠቀ። ደሙ ዓይኑን ሞላው። ከድንጋጤው ጋር አስሙ ተነሣበት። የዕርዳታ ሳጥን ስንል የለም። ስልክ ስንል ኔትወርክ የለም። ክሪክ ስንል «ጋራዥ ረስተነዋል» ተባልን።

አስጎብኚው በጨለማው ውስጥ ምን እንዳለ ታውቃላችሁ? «ችግር የለም፣ ችግር የለም።»

ያዳኑን ገበሬዎች ናቸው። በስልካቸው መብራት እያበሩ መጡ። እሸት ቡና ለመፈልፈያው አድርሶ የሚመለስ አይሱዙ አስቆሙና እናትና ልጅን ጋቢና አስገብተው ወደ አጋሮ ሆስፒታል ላኩ። ሦስት ስፌት ተሰፋ። ትንፋሹም ተመለሰ። እግዚአብሔር ይመስገን።

*

ማታ ልጁ ከተኛ በኋላ ሆቴሉ በረንዳ ላይ ተቀመጥን። አልጮኸችብኝም። ብትጮህብኝ ይሻለኝ ነበር።

«ጋሼ፣ ጥያቄዎቹን ጠይቀሃቸው ነበር?»

«አልጠየቅሁም።»

ትንሽ ዝም አለች። ከዚያ ስለ ባሕር ነገረችኝ።

እሷና ባሏ በየሁለት ዓመቱ ካሪቢያን ደሴቶች ሄደው ባሕር ውስጥ ይጠልቃሉ፤ ዳይቪንግ የሚሉትን ነው። እኔ «ኦክስጅን ተሸክማችሁ?» ስላት ሳቀች። ኦክስጅን አይደለም፣ እንደማንኛውም የምንተነፍሰው የታመቀ አየር ነው አለችኝ። ሰው በባሕር ውስጥ አሥር ሜትር በወረደ ቁጥር የአየር ግፊት አንድ እጥፍ ይጨመርበታል። ጀማሪ ጠላቂ የሚፈቀድለት 18 ሜትር ነው፤ እዚያ ግፊቱ ከላይኛው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ምንም አይቀረው። ከዚያ ተደናግጦ በፍጥነት የወጣ ሰው ደሙ ውስጥ የተቀበረው ናይትሮጅን እንደተከፈተ ለስላሳ ይፈላበታል። ትንፋሹን ይዞ የወጣ ደግሞ ሳንባው ሊቀደድ ይችላል።

«እዚያ ውስጥ መናገር አይቻልም። 'ቀስ በል' ማለት አይቻልም። ስለዚህ ማለት ያለብህን ሁሉ ጀልባው ላይ ሳትወጣ ነው የምትለው። ሰውየውን የምትመርጠው ደረቅ መሬት ላይ ሆነህ ነው» አለችኝ።

መጀመሪያ የሄዱበት ደሴት ላይ እነሱም እንደኔ በዋጋ መርጠው ነበር። አንድ መሪ ለአሥራ አራት ሰው። ሁሉም ነገር «ኖ ፕሮብሌም»። ጠልቀው ሲወጡ ጀልባው ላይ ሰው የሚቆጥር የለም። አንዲት ሴት ከቡድኑ ተለይታ ርቃ ወጥታ ማዕበል ላይ እጇን ስታውለበልብ በአጋጣሚ ነው ያዩዋት።

በሚቀጥለው ጊዜ ቦኔር ሄዱ፤ ከቬኔዙዌላ ዳርቻ በላይ ያለች፣ በሆላንድ ሥር የምትተዳደር ትንሽ ደሴት ናት። አብዛኛው ዐውሎ ነፋስ ከሰሜኗ ያልፋል። በዙሪያዋ ያለው ባሕር ከ1979 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተጠበቀ ፓርክ ነው። ጀልባ መልሕቁን ኮራሉ ላይ መጣል የተከለከለ ነው፤ የሚታሰረው በተዘጋጀ ተንሳፋፊ ላይ ነው። ጠላቂ ሁሉ ለፓርኩ ይከፍላል። የመጣ ሰው ሁሉ፣ የፈለገውን ያህል ልምድ ቢኖረው፣ መጀመሪያ ጥልቀት በሌለው ውኃ ተፈትሾ ነው ወደ ሌላው የሚያልፈው።

«መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር» አለች። «የምስክር ወረቀቴን አሳየሁት። ሰውየው ግን ወረቀቱን ሳይሆን እኔን አየኝ። 'ለመጨረሻ ጊዜ የጠለቅሽው መቼ ነው?' አለ። 'ከሁለት ዓመት በፊት' ስለው 'እንግዲያው ነገ ከእኔ ጋር እዚሁ ዳር' አለኝ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ነፋስ ሆነ። ከፍለን፣ ለብሰን ቆመናል። 'ዛሬ አልወጣም' አለና ገንዘባችንን መለሰ። ያን ቀን ነው ያመንኩት።»

ያቺ ያልገባችኝ ጥያቄ ለካ ከዚህ ነው የመጣችው። «ጉዞ ሰርዘው ያውቃሉ?»

እዚህ ላይ ለአንባቢዎቼ አንድ ነገር ልጨምር። ዳይቪንግ የሩቅ ሰዎች ቅንጦት ይመስላል። ለእኛ ቅርቡ ግን ጅቡቲ ነው። በታጁራ ባሕረ ሰላጤ በክረምታቸው ወራት፣ ከኅዳር እስከ ጥር አካባቢ፣ ግዙፉን የዓሣ ነባሪ ሻርክ ለማየት ሰው ከዓለም ዙሪያ ይመጣል፤ ከአዲስ አበባም የሚሄዱ አሉ። ከጠለቁ በኋላ ወዲያው አውሮፕላን መሳፈር አደገኛ ነው። ለብዙ ቀን ለጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ይመከራል፤ ብዙዎች 24 ያደርጉታል። የእኛ ነገር ደግሞ ይብሳል። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አውሮፕላን ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ሲቀንስ ከሚደርስበት ከፍታ ጋር ተቀራራቢ ነው። ሌላው ተሳፋሪ ሲያርፍ ወደ ባሕር ወለል ይወርዳል። እናንተ ግን ስታርፉም ገና ከላይ ናችሁ። ስለዚህ «የመጨረሻው ቀን ጠዋት ጠልቃችሁ ከሰዓት ትበራላችሁ፣ ችግር የለም» የሚላችሁ ካለ ሌላ ፈልጉ።

*

በማግስቱ ያን የአጋሮ ወጣት ደወልኩለት። የአክስቴ ልጅ አጠገቤ ተቀምጣለች። ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጠየቅሁት። ድምፄ ይንቀጠቀጣል፤ በዚህ ዕድሜዬ ሰው እንደምሰድብ ነው የተሰማኝ። ልጁ ግን ቅር አላለውም። እንዲያውም ደስ አለው። «ጥሩ ጠየቁኝ ጋሼ» አለ። የመኪናው ባለቤት ማን እንደሆነ፣ ሹፌሩ ስንት ዓመት እንደነዳ፣ ሳጥኑ ውስጥ ምን እንዳለ ነገረኝ። ስለ መንገዱ ሰላም ስጠይቀው «ሰላም ነው» ብቻ ብሎ አላለፈኝም፤ ጠዋት ማን ጋ ደውሎ ምን እንደተባለ አስረዳኝ።

ከዚያ «ነገ እንሂድ?» አልኩት።

«ነገ አይሆንም» አለ። «ትናንትና ዛሬ ዘንቧል። ያ መንገድ ሁለት ቀን ፀሐይ ይፈልጋል። ገበሬውም ቡናውን ገልጦ በማገላበጥ ሥራ ይበዛበታል፣ እንግዳ ሸክም ነው። ነገ ጅማውን ያሳዩአቸው። እዚያ እኔ አላስፈልግም።»

ከዚህ ሰው ገንዘብ ሊወጣ የነበረ አንድ ቀን፣ በራሱ አፍ ሰረዘው። የአክስቴ ልጅ ትከሻዬን ነካ አደረገችኝ። «ይሄ ነው» አለች።

በማግስቱ ጅሬን ወጣን፤ ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙትን የዳግማዊ አባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት አየን። ልጁ ቅንድቡ ላይ ፋሻ አድርጎ ሰገነቱ ላይ ሲሮጥ ሳየው ሆዴ ተንቦጫቦጨ።

ከሁለት ቀን በኋላ አጋሮ ሄደን አደርን። ለምን ማደር እንዳስፈለገ ያን ጊዜ ገባኝ። እሸት ቡና ቀን ይለቀማል፤ ወደ ማጠቢያ ጣቢያው የሚደርሰው ወደ ማታ ነው፤ በዚያው ዕለት ካልተፈለፈለ ጥራቱ ይበላሻል። ስለዚህ ማሽኑ የሚሠራው በሌሊት ነው። ሁሉን በአንድ ቀን አሳይቼ ጅማ እመልሳችኋለሁ ማለት አንድም አለማወቅ ነው፣ አንድም በጨለማ መንገድ በሰው ነፍስ መቆመር ነው።

ልጁ በመንገዳችን ስለ መልኮ የምርምር ማዕከል ነገረን። በ1971 እ.ኤ.አ. የቡና ፍሬ በሽታ አገራችን ሲገባ ተመራማሪዎች እየዞሩ በሽታውን የሚቋቋሙ ዛፎችን ፈልገው መረጡ። 74110 እና 74112 እያልን የምንጠራቸው ዝርያዎች ቁጥራቸው የጀመረው ከተመረጡበት ከ1974 እ.ኤ.አ. ነው። ስለ ቡና መገኛ ሲጠየቅም አንድ ዛፍ አላሳየንም። «እኛ ጮጬ እንላለን፣ ከፋዎች ማንኪራ ይላሉ፣ ብሔራዊ የቡና ሙዚየሙም ቦንጋ ነው የተሠራው። የእረኛው ታሪክ በ1671 እ.ኤ.አ. ሮም ላይ ታትሞ ሲወጣ ካልዲ የሚል ስም አልነበረበትም። ጫካው ግን የሁላችንም ነው» አለ። የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ በዚህ መልስ ረካ። ሕፃን የሚያሳንሰው እውነት ሳይሆን ማጭበርበር ነው።

ማሳው ላይ ደግሞ ደንብ ነበረው። ሳያስፈቅዱ ፎቶ የለም። በችግኞች መሐል አይረገጥም። ያልቀላ እሸት አይቆረጥም። ለቤቱ ባለቤቶች የሚገባቸውን ገንዘብ እኛው ፊት በእጃቸው ሰጠ። የቦኔር ሰዎች መልሕቅ ኮራል ላይ አይጣልም የሚሉት ማለት ይህ ነው። ባሕሩም ጫካውም የሚበላሸው በአንድ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከመቶ ደግ ጎብኚ የእያንዳንዱ አንድ እርግጫ ይበቃዋል።

አደ ሆይ ያቀረቡልን ቡና ሦስተኛው ላይ ስንደርስ የአክስቴ ልጅ ባል አንድ ነገር አነሣ። ካሪቢያን የገባው ቡና ከዚህ የወጣ ነው፤ በየመን፣ በጃቫ፣ በአምስተርዳም፣ በፓሪስ ዞሮ በ1720ዎቹ እ.ኤ.አ. ማርቲኒክ ደሴት የደረሰው። «እኛ ዳይቪንግ ከመሄዳችን በፊት ቡናችሁ ቀድሞን ሄዷል» አለ። ተሳሳቅን።

*

አሁን ወደ ፍሬ ነገሩ።

ከወረቀት ጀምሩ። ፈቃድና የብቃት ማረጋገጫ ጠይቁ፤ የሌለው ይቅር። ግን ወረቀት መነሻ ነው እንጂ መድረሻ አይደለም። እኛን ቦይ ውስጥ የከተተን ሰውም ወረቀት ነበረው።

ቀጥላችሁ እውቀቱን ፈትሹ። «በምመጣበት ወር ዛፉ ላይ ምን አለ?» በሉት። ቡና በየካቲትና በመጋቢት፣ የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ያብባል፤ አበባው ጥቂት ቀን ብቻ ነው የሚቆየው። እሸቱ የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ነሐሴ ላይ «ለቀማ አሳያችኋለሁ» የሚል ሰው ጫካውን አያውቀውም።

የሚታየውን እዩ። ጎማውን፣ ስኮርታውን፣ ቀበቶውን። ዘወር ብላችሁ አትዩ። አጎንብሳችሁ እዩ።

መጨረሻ ላይ ይቺን ጠይቁ፤ «ጉዞ ሰርዘህ ታውቃለህ?» «ኧረ በጭራሽ» ብሎ የሚኮራ ከሆነ አመስግናችሁ ውጡ። ገንዘብ በእጃችሁ ይዛችሁ ሳለ «አይሆንም» ሊላችሁ የሚችል ሰው፣ ነፍሳችሁ በእጁ በገባች ጊዜም የሚያስብላችሁ ሰው ነው።

ለእኔ ከዚህ ሁሉ የከበደኝ ግን አስጎብኚውን መጠየቅ አይደለም። ይሉኝታዬን ማሸነፍ ነው። ያን ሰው ብቻ ብወቅስ ውሸታም እሆናለሁ። እሱ «ችግር የለም» ያለው እኛ መስማት የምንወደው እሱን ስለሆነ ነው። «ችግር አለ» ያለውን ወጣት «ሰነፍ ነው» ብዬ የጣልኩት እኔ ነኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ አባቶች፤ እኛ ግን መጠርጠርን ነውር አድርገን ልጆቻችንን እናሳድጋለን። ከዚያ ሹፌሩ ሲበር አሥራችንም ዝም እንላለን።

መጀመሪያ ላይ ስለ ፖለቲካ አይደለም ብያለሁ። መኪናው ውስጥ ዝም ብለን የተቀመጥነውን አሥር ሰዎች ሳስብ ግን እርግጠኛ አይደለሁም።

የልጁ ቅንድብ ላይ ትንሽ ጠባሳ ቀርቷል። በቪዲዮ ስንነጋገር አየዋለሁ። ባለፈው ሳምንት «ጋሼ፣ በሚቀጥለው ኅዳር እንመጣለን» አለኝ። አፌ ላይ የመጣውን ቃል ዋጥኩና «ቆይ፣ መጀመሪያ ልጠይቅ» አልኩት።

ቸር ይግጠመን።